ማሟሚያውን ብቻ የተወጉት አይጦችም እባጫቸው አነሰ፤ ውጤቴን እንዴት ላንብበው?

ንጋት_ላብ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ባሳጥረው ጥያቄዬ አይገባችሁም ብዬ ነው።

ለማስተርስ መመረቂያዬ ከአንድ ተክል ሥር ተለይቶ የወጣ ፍላቮኖይድ (በተክሎች ውስጥ የሚገኝ የውህድ ዓይነት) ኢንዶሜትሪዮሲስ ላይ እየሞከርኩ ነው። የምሠራው በአይጥ ነው፤ ትልልቆቹን፣ ራት የምንላቸውን። ሥራው ስላልታተመ የውህዱን ስም ለጊዜው ልተወው። በሽታውን ለማታውቁ፣ የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጪ ይበቅላል፤ ኦቫሪ ላይ፣ የሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ፣ አንዳንዴም አንጀት ላይ። በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች ከአሥሯ አንዷን ገደማ ይይዛል ተብሎ ይገመታል። ታላቅ እህቴ አንዷ ናት። ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል፤ ሁለቱም ጊዜ ሕመሙ ተመልሶባታል። ይህን ርዕስ የመረጥኩትም በእሷ ምክንያት ነው።

አሠራሬ ቨርነንና ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጡት ነው። አይጧን አደነዝዛለሁ፣ ከማህፀኗ ሁለት ቀንዶች የግራውን ቆርጬ አወጣለሁ፣ ለብ ባለ ሳላይን (የጨው ውሃ) ውስጥ በቁመቱ ሰንጥቄ 5 በ5 ሚሊሜትር የሆኑ አራት ቁራጮች አደርገዋለሁ። ከዚያ ትንሹን አንጀት በያዘው ስስ ሽፋን ላይ፣ የደም ሥሮቹ አጠገብ፣ በቀጭን ክር እሰፋቸዋለሁ። አራት ሳምንት ጠብቄ እንደገና ከፍቼ ከቁራጮቹ ያደገውን እባጭ መጠን እለካለሁ። ቀጥሎ 21 ቀን በየቀኑ መርፌ፣ ከዚያ የመጨረሻው ልኬት።

24 አይጦች፣ ሦስት ምድብ፣ በየምድቡ 8። አንደኛው ማሟሚያውን፣ ማለትም ውህዱ የሚሟሟበትን ፈሳሽ ብቻ (10 በመቶ ዲኤምኤስኦ የተባለ ኬሚካል በሳላይን)፣ ሁለተኛው ውህዱን በኪሎ 20 ሚሊግራም፣ ሦስተኛው ሌትሮዞል፣ ኢስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን የሚያሳንስ መድኃኒት። ከውህዱ ምድብ አንዷ ስፌቷን በጥርሷ ፈትታው ሞታብኛለች፤ ስለዚህ እዚያ 7 ቀሩ።

ውጤቱ፣ በአማካይ በኪዩቢክ ሚሊሜትር፦ ሌትሮዞል ከ58 ወደ 14። ውህዱ ከ60 ወደ 29። ማሟሚያው ግን ከ62 ወደ 41! ምንም መድኃኒት ያልነካቸው ናቸው እኮ። ሦስት ሌሊት ስለዚህ ነገር ሳስብ አነጋሁ።

አማካሪዬ በውህዱና በማሟሚያው መካከል ያለው ልዩነት ፒ ቫልዩው (ልዩነቱ የአጋጣሚ ሊሆን መቻሉን የሚመዝነው ቁጥር፤ ከ0.05 ካነሰ ብዙ ጊዜ ተቀባይነት ያገኛል) 0.03 ስለሆነ «ይሠራል ብለሽ ጻፊው» ይላሉ። እጄ ግን እምቢ አለኝ። እህቴ ደግሞ የዚሁ ተክል ኤክስትራክት በካፕሱል ሲሸጥ ኢንተርኔት ላይ አግኝታ ትናንት ማታ ደውላ «እንግዲህ የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ልጀምረው ወይስ አልጀምረው?» አለችኝ። ነገ እነግርሻለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ምን ልበላት?


አሮጌ_ካሊፐር፦

እህቴ፣ በመጀመሪያ እጅሽ እምቢ ማለቱ ደግ አደረገ። የእንስሳት ላብራቶሪ ውስጥ 14 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከዚያ ውስጥ ስድስቱ በዚሁ ሞዴል ላይ ነው ያለቁት። ሐሳቤን ከመስጠቴ በፊት አራት ነገር ንገሪኝ።

መርፌው የት ነው የሚወጋው? ስትለኪ አይጦቹ የዑደታቸው የትኛው ቀን ላይ ነበሩ? ፒ ቫልዩውን ስታወጪ በየምድቡ ስንት ብለሽ አስገባሽ? እባጮቹን ከለካሽ በኋላስ ምን አደረግሻቸው፣ ጣልሻቸው ወይስ አስቀመጥሻቸው?


ንጋት_ላብ፦

አመሰግናለሁ ጋሼ። መርፌው ሆድ ዕቃ ውስጥ ነው። ዑደታቸውን በምለካበት ቀን አላየሁም፤ የሴት ብልት ስሚር (ዑደቱን ለማወቅ በማይክሮስኮፕ የሚታይ የሕዋስ ናሙና) የወሰድኩት መጀመሪያ ላይ፣ ጤነኛ ዑደት እንዳላቸው ለማረጋገጥ ብቻ ነው። ስታቲስቲክሱ ላይ ማሟሚያው 32፣ ውህዱ 28 ብዬ አስገብቻለሁ፤ በእያንዳንዷ አራት ቁራጭ ስላለ። እባጮቹ ሁሉም ፎርማሊን ውስጥ አሉ፣ የቀኝ የማህፀን ቀንዳቸውም ተመዝኖ አብሮ ተቀምጧል።


አሮጌ_ካሊፐር፦

ፎርማሊን ውስጥ ካሉ ሥራሽ አልሞተም። አሁን በጣም ካሳሰበኝ ልጀምር።

እሱም ፈሳሹ ነው። የተሰፋው ቁራጭ ጠፍጣፋ እንደሆነ እንደማይቀር አይተሻል፤ ጠርዙ ይጠቀለልና ይዘጋል፤ ዕጢዎቹ የሚያመነጩት ነገር መውጫ ያጣና እዚያው ይጠራቀማል፤ ውሃ የቋጠረ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ዶቃ ይሆናል። ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ለክተሽ በ0.52 ስታባዢ ያገኘሽው ቁጥር በአብዛኛው የዚያ ውሃ ልክ ነው። በሽታው ያለው ግን ግድግዳው ላይ ነው። በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ትልቅ እባጭ ልለካ በፎርሴፕስ ስይዝ ጫፉ ወጋው። ገለባ የመሰለ ቢጫ ፈሳሽ አንድ ጠብታ ወረደና ያ ዶቃ ዓይኔ እያየ የተሸበሸበ ስስ ቆዳ ሆነ። በካሊፐር (በመለኪያ መሣሪያው) ተለክቶ ከ70 በላይ የነበረው ከ10 በታች ወረደ። ያቺ አይጥ ሳላይን ብቻ የምትወስድ ነበረች። ቆዳውን አንስቼ ስላይድ ላይ ሳየው ኤፒተልየሙ (የውስጠኛው ሽፋን ሕዋሳት) እንዳለ፣ ዕጢዎቹም እንዳሉ፣ ሁሉም በጤናው ነበር። ከዚያ ወዲህ በካሊፐር ብቻ «አነሰ» የሚለኝን ሰው አላምንም።

ዑደቱም የሚገባው እዚህ ጋ ነው። የራት ዑደት 4 ወይም 5 ቀን ነው። ፕሮኢስትረስ የተባለው የዑደቱ ክፍል ላይ ስትሆን ኢስትሮጅን ከፍ ይላል፣ ማህፀኗ ራሱ ፈሳሽ ይሞላና ፊኛ ይመስላል፤ በማግስቱ ይተነፍሳል። አንጀት ላይ የሰፋሽውም ያው ማህፀን ነው፤ ያንኑ ሆርሞን ይሰማል። የመጀመሪያው ልኬት ቀን ብዙዎቹ ፕሮኢስትረስ ላይ፣ የመጨረሻው ቀን ደግሞ ዳይኢስትረስ (ኢስትሮጅን ዝቅ የሚልበት ክፍል) ላይ ከነበሩ፣ የማሟሚያ ምድብሽ ያለ ምንም መድኃኒት ሊያንስ ይችላል። በሚለካበት ቀን ጠዋት ስሚር መውሰድ፣ ወይም ኦቫሪዎቹን አውጥቶ ለሁሉም እኩል ኢስትሮጅን መስጠት ይኖርብሻል። የመጀመሪያው ይሻላል፤ ሁለተኛው ውህዱ በኦቫሪ በኩል የሚሠራ ከሆነ ያንን ይሸፍንብሻል።

መርፌው። በሽታውም ሆድ ዕቃ ውስጥ፣ መድኃኒቱም ሆድ ዕቃ ውስጥ። እንዲህ ሲሆን ውህዱ በደም ተጉዞ ደረሰ አይባልም፤ ቁስል ላይ እንደ ቅባት ተቀባ እንጂ። ሰው በአፉ ሲውጠው አንጀትና ጉበት ምን ያህሉን እንደሚያሳልፉት የአንቺ ሙከራ አይነግረንም፤ ፍላቮኖይድ ደግሞ ጉበት ቶሎ ከሚያስወግዳቸው ነገሮች ነው። ዲኤምኤስኦውም ባዶ ውሃ አይደለም፤ ለብቻው የሰውነት መቆጣትን የሚያበርድበት ባሕርይ አለው፤ 21 ቀን ሙሉ እባጩ ላይ ስታፈሺው ነበር። ሌላም አለ፦ ዲኤምኤስኦ ውስጥ የሟሟ ፍላቮኖይድ ሳላይን ሲጨመርበት ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይረጋል። ሲሪንጁን ወደ መብራት ከፍ አድርገሽ እዪው፤ ደፍርሶ ከሆነ የወጋሽው መድኃኒት ሳይሆን ደቃቅ ጠጠር ነው፣ እሱም ለብቻው ያስቆጣል።

ስለዚህ ምንም መርፌ ያልነካው አራተኛ ምድብ ያስፈልግሽ ነበር። ማሟሚያው ነው ያሳነሰው ወይስ እባጩ በራሱ ጊዜ እየከሰመ ነው የሚለውን የሚለይልሽ እሱ ብቻ ነው።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ አራቱ ቁራጮች በአንዲት አይጥ ሆድ ውስጥ ናቸው፤ አንድ ደም፣ አንድ ሆርሞን፣ አንድ መርፌ ይጋራሉ። አራት ምስክር አይደሉም፤ አንድ ምስክር አራት ጊዜ ሲናገር ነው። ለእያንዳንዷ አይጥ አማካይ አውጪና 8 ለ7 አወዳድሪ። 0.03 ይቆይ አይቆይ ያኔ ይታያል።

ለአማካሪሽ በቃል አትከራከሪያቸው። ስሌቱን ሠርተሽ ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጪ።


ሰናይት_ፋርማሲስት፦

የላብራቶሪውን ለጋሼ ትቼ ስለ እህትሽ ልናገር፤ ያስጨነቀኝ እሱ ነው።

በኪሎ 20 ሚሊግራም የራት መጠን ወደ ሰው ሲመጣ በቀጥታ አይባዛም። በሰውነት የቆዳ ስፋት ስለሚሰላ ለ6.2 ይካፈላል፤ በኪሎ 3.2 ሚሊግራም ገደማ፣ 60 ኪሎ ለምትመዝን ሴት 194 ሚሊግራም አካባቢ ማለት ነው። ይህ ስሌት ግን ለመጀመሪያ የደኅንነት ግምት የተሠራ እንጂ «ይህን ያህል ዋጪ» የሚል ማዘዣ አይደለም። በዚያ ላይ የአንቺ መርፌ ነው፣ የእሷ ካፕሱል። አንቺ የወጋሽው የተጣራ አንድ ውህድ ነው፤ ካፕሱሉ ውስጥ ያለው የተክሉ ጭማቂ ሲሆን ያ ውህድ በውስጡ ስንት እንደሆነ መለያው ላይ ላይጻፍ ይችላል።

«ከተክል ስለሆነ አይጎዳም» የሚለውን ደግሞ እባክሽ አትቀበዪው። በአረንጓዴ ሻይ ውስጥ ያለው ኢጂሲጂ የተባለ ውህድ እንኳ፣ በአይጥ ኢንዶሜትሪዮሲስ ላይ ብዙ ተስፋ የተጣለበት፣ በካፕሱል በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሲወሰድ የጉበት ኢንዛይም ከፍ ከማለት ጋር መያያዙን የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 አሳውቋል። እህትሽ ዲየኖጅስት (ለኢንዶሜትሪዮሲስ የሚሰጥ የሆርሞን መድኃኒት) የምትወስድ ከሆነች ሌላ ጣጣ አለው፤ መድኃኒቱን ጉበት የሚያስወግደው ሲዋይፒ3ኤ4 በተባለ ኢንዛይም ነው፤ ሴንት ጆንስ ዎርት የተባለው ተክል ይህን ኢንዛይም ያነቃቃና የዲየኖጅስቱን መጠን በደሟ ውስጥ ያወርደዋል። የእናንተ ተክል ምን እንደሚያደርግ ካልተጠና ከሐኪሟ ሳትማከር አትጀምር።

አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ውህዱ ኢስትሮጅን መሳይ መሆን አለመሆኑን አይተሻል? ጄኒስቲን የአኩሪ አተር ፍላቮኖይድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ሥራ ኦቫሪያቸው በወጣ ራቶች ላይ በመርፌ ሲሰጥ የተተከለውን ሕብረ ሕዋስ አላጠፋውም፤ እንዲያውም አቆየው። በምግብ ውስጥ ሲሰጥ ግን እንዲህ አላደረገም። የተክል ውህድ በሽታውን ሊመግበውም ይችላል፤ በየት በኩል እንደገባም ለውጥ ያመጣል። የቀኝ ማህፀናቸውን መዝኛለሁ ስላልሽ ክብደቱን አወዳድሪ፤ ውህዱን በወሰዱት ከብዶ ከተገኘ እዚያው ቁሚ።


አሥራ_አንድ_ዓመት፦

እኔ ሳይንሱን አላውቅም፣ ታማሚ ነኝ። ስለ ልኬት ሁሉ አነበብኩ፤ አንድ ነገር ግን አጣሁበት። የእኔ እባጭ በአልትራሳውንድ 2 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ በወር አራት ቀን ከአልጋ አልነሳም። አብራኝ የምትታከም አንዲት ሴት 7 ሴንቲሜትር አላት፣ ሕመም ብዙም አታውቅም። ሐኪሜም መጠንና ሕመም አብረው አይሄዱም ብላኛለች። አይጦቹ ያማቸው ነበር? መድኃኒቱን ሲወስዱ ሕመሙ ቀለላቸው? ይህን የሚለካ ሰው አለ?


አሮጌ_ካሊፐር፦

እህቴ፣ ከሁላችንም ጥያቄ ያንቺ ይበልጣል። ይለካል። ቮን ፍሬይ የሚባሉ ስስ ክሮች አሉ፤ እያንዳንዱ ክር ጎበጥ እስኪል ሲገፋ የሚያሳርፈው ኃይል የታወቀ ነው። ከቀጭኑ ጀምሮ የአይጧን ሆድ ይነካበታል፤ በየትኛው ክር እንደምትሸሽ ይመዘገባል። ሆዷ የታመመ አይጥ ሌላዋ ከነመኖሩ የማትቆጥረውን ክር ትሸሻለች። ርካሽና ቀላል ነገር ነው፤ እያለ ግን ስንቱ ጥናት መጠን ብቻ ለክቶ ይዘጋል።

ይህን መዝለል ምን እንደሚያስከትል ታይቷል። ራሎክሲፌን በእንስሳት ላይ ተከላውን ያሳነሰ መድኃኒት ነበር። ቀዶ ጥገና በተደረገላቸው ሴቶች ላይ ሲሞከር ሕመሙ ፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ ክኒን) ከወሰዱት ይልቅ በቶሎ ተመለሰባቸውና ጥናቱ ሳያልቅ ቆመ፤ እ.ኤ.አ. 2008 ነው የታተመው። በወይን ውስጥ የሚገኘው ሬስቬራትሮልም እንዲሁ። በአይጥ ላይ መልካም ነበር፤ በ2012 ያለ ማወዳደሪያ ምድብ 12 ሴቶች ላይ ከወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ጋር ተሰጥቶ አብዛኞቹ ሕመማቸው እንደጠፋ ተዘገበ። በ2017 ግን 44 ሴቶች ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ በቀን 40 ሚሊግራም ሬስቬራትሮል፣ ግማሾቹ ፕላሴቦ፣ ሁሉም ከክኒኑ ጋር ለ42 ቀን ወሰዱ። በሕመሙ ላይ ልዩነት አልተገኘም።

ራት የወር አበባ እንደማታይም አንርሳ። በሽታው በእሷ ላይ እኛ ሰፍተን የምናስገባው እንጂ በራሷ የሚመጣ አይደለም፤ በራሳቸው የሚይዛቸው እንደ ባቡን ያሉ የወር አበባ ያላቸው ዝንጀሮዎች ናቸው። ንጋት፣ ሞዴልሽ ይጣል ማለቴ አይደለም። የሚመልሰው ጥያቄ ጠባብ መሆኑን ግን መመረቂያሽ ላይ በግልጽ ጻፊው።

አሁን ሌላ አይጥ ሳትነኪ ይህን አድርጊ። እባጮቹን አስቆርጪና ሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን በተባሉ ማቅለሚያዎች አስቀልሚ። ምድባቸውን የማያውቅ ሰው ኤፒተልየሙን ከ0 እስከ 3 ይስጠው፤ 3 ሙሉ በሙሉ የተጠበቀ፣ 0 ምንም የሌለ። ዕቃዎቹ ላይ የተጻፈውን ሸፍነሽ በዕጣ ቁጥር ቀይሪ። አንቺ ራስሽ እንዳታነቢ፤ ምን እንዲወጣ እንደምትፈልጊ ልብሽ ያውቃልና።


ንጋት_ላብ፦

ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ተመልሼ መጣሁ። ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ።

መጀመሪያ ስታቲስቲክሱን በአይጥ ቁጥር፣ 8 ለ7፣ እንደገና ሠራሁ። 0.03 የነበረው 0.19 ሆነ። ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። አማካሪዬ ቆመው አነበቡት፣ ከዚያ ተቀምጠው ደግመው አነበቡት፣ «ስላይዱን አሠሪ» አሉኝ። አልተቆጡም።

ስላይዱን ፓቶሎጂ ክፍል ያለች ጓደኛዬ አነበበችልኝ፤ ከ1 እስከ 23 ቁጥር ብቻ ነበር የምታየው። ዝርዝሩን ከፍተን ስናገናኝ የሌትሮዞሎቹ አብዛኞቹ 0 እና 1 ናቸው። ከማሟሚያው 8 ስድስቱ 2 እና 3። ከውህዱ 7 አምስቱም 2 እና 3። ጓደኛዬ ከውህዱ ምድብ 11 ቁጥርን ማይክሮስኮፑ ላይ አሳየችኝ። በካሊፐር በጣም ካነሱት አንዷ ነበረች፤ ከ66 ወደ 12 የወረደችው፣ ስለካት ደስ ብሎኝ እጄ የተንቀጠቀጠባት። ግድግዳዋ ተሸብሽቦ ተኮማትሯል፤ ውስጡ ግን ረዣዥሞቹ ሕዋሳት ጎን ለጎን ተደርድረው፣ አንዳቸውም ሳይጎድሉ ቆመዋል። ፈሳሹ ብቻ ነው የሄደው። ጋሼ የነገሩኝ ያ ቆዳ ማለት ነው።

የማህፀን ክብደታቸው ከማሟሚያው ጋር እኩል ነው፤ ቢያንስ ኢስትሮጅን መሳይ የመሆን ምልክት አላሳየም።

ለእህቴ ደወልኩላት። እንዳለ ነገርኳት፦ እኔ ያየሁት ውሃ ሲጎድል እንጂ በሽታው ሲጠፋ አይደለም፤ አይጦቹን ያማቸው እንደሆነም አልለካሁም፤ ካፕሱሉን አትግዢው። ዝም አለች፤ ረጅም ዝምታ ነበር። ቀጥላ «ለመሆኑ ያማቸዋል ወይ?» ብላ የጠየቀችው ስለ አይጦቹ ነው። ዲየኖጅስቷን አላቋረጠችም፤ ሐሙስ ከሐኪሟ ጋር ቀጠሮ አላት፣ የሰናይትን መልእክት አትሜላታለሁ።

አማካሪዬ ተስማምተው ለእንስሳት ሥነ ምግባር ኮሚቴው የማሻሻያ ጥያቄ አስገብተናል። በአዲሱ ውህዱ በአፍ ይሰጣል፣ ምንም ያልተነካ ምድብ ይጨመራል፣ በሚለካበት ጠዋት ስሚር ይወሰዳል፣ ቮን ፍሬይም አለ። አይጦቹ 250 ግራም ገደማ ናቸው። በአፍ በቱቦ ሰጥቼ አላውቅም፤ ሳንባ ውስጥ እንዳይገባብኝ ፈርቻለሁ። በአፍ ለማጠጫ የትኛውን መርፌ (ቱቦ) ልጠቀም?


አሮጌ_ካሊፐር፦

16 ጌጅ፣ 75 ሚሊሜትር ገደማ፣ ጫፉ ድቡልቡል የሆነውን ያዢ። ከማስገባትሽ በፊት ከአፍንጫዋ ጫፍ እስከ መጨረሻው የጎድን አጥንቷ በውጪ ለኪና መርፌው ላይ ምልክት አድርጊ። ራሷን ከአንገቷ ጋር ቀጥ አድርገሽ ያዢያት፤ በአፏ ጎን ገብተሽ በላንቃዋ ላይ አንሸራቺው። በራሱ ክብደት መውረድ አለበት። ከተቃወመሽ አትግፊ፣ አውጪና እንደገና ጀምሪ። ብታስል ወይም በአፍንጫዋ ፈሳሽ ቢመጣ ወዲያው አቁሚ። በኪሎ ከ10 ሚሊሊትር አትለፊ፤ ለ250 ግራም 2.5 ማለት ነው፣ እኔ ግን ከ1.5 አልበልጥም። መጀመሪያ አንድ ሳምንት ውሃ ብቻ እየሰጠሽ ተለማመጂ፤ እነሱም እጅሽን ይልመዱት።